ራቁ ያልንበት መብራት

ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያቅተው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንደዚያ ነበርሁ። ሰፈራችን ስንደርስ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ታክሲው ያልፋል። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው እወርድና ያለፍሁትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ ጫማዬ ላይ ያለውን አቧራ አይታ «ዛሬም ሳትናገሪ ቀረሽ?» ትለኛለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የሚከተለውን ስታነቡ፣ አንዲት የተማረች ልጅ አንድ ነገር ለመናገር ይህን ያህል ትቸገራለች ወይ ብላችሁ እንዳትገረሙብኝ ነው።

ያን ጊዜ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነበር። ሥራው እስኪገኝ ድረስ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ባለው የቤተሰባችን ሱቅ እውላለሁ። የምንሸጠው አምፖል፣ ገመድ፣ ማከፋፈያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእጅ ባትሪ ነው። አባባ ሱቁን የከፈቱት ባትሪ ማለት ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የምትጎርስ፣ ጫፏ ላይ ሽምብራ የምታህል አምፖል የተሰካባት የቆርቆሮ ባትሪ ብቻ በነበረችበት ዘመን ነው። ታላቅ ወንድሜ ሙኒር ሱቁን ከተረከበ ወዲህ ግን መደርደሪያው በኤል ኢ ዲ ተሞላ። የቆርቆሮዎቹ ካርቶን ከነአምፖሉ መጋዘን ጥግ ገባ። በዚያ ካርቶን ምክንያት አባባና ሙኒር ሳይከራከሩ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«አባባ፣ ይህን አሁን ማን ይገዛዋል? የድንጋዩን ኃይል ሙቀት አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ሐያት፣ ንገሪያቸው እስቲ፤ የተማርሽው ይህን አይደል?»

«እውነቱን ነው» እላለሁ፣ ዓይኔን ከጠረጴዛው ሳላነሣ።

«ይሁና» ይላሉ አባባ። «ይቺ ግን ስትደክም ትነግርሃለች። መጀመሪያ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ትቀላለች። ድንጋይ ግዛልኝ ማለቷ ነው። ያንተዋ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለች ቆይታ መንገድ ላይ ጥላህ ትሄዳለች።»

«እሺ፣ ‹ስትደክም የምትቀላ ባትሪ› ብዬ በር ላይ ልለጥፍላት?»

አባባ ይሥቃሉ፤ ካርቶኑ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

እኔ በልቤ ከሙኒር ጋር ነበርሁ። ኤል ኢ ዲ በትንሽ ድንጋይ ብዙ ያበራል፤ ቢወድቅ የሚበጠስ ክር የለውም፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ደንበኞቻችንም ከፈረዱ ቆይተዋል። በተለይ ከጣና ዳር የሚመጡት ዓሣ አስጋሪዎች ነጭ የሚያበራ የግንባር ባትሪ ካልሆነ አያነሡም። ሲገዙ አንድ ልማድ አላቸው፤ አብርተው በእጃቸው ከፍ ያደርጉትና ግራና ቀኝ ያወዛውዙታል። ብርሃኑ ይቆራረጥ እንደሆነ የሚፈትኑ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ አልጠየቅሁም። እኔ ምን ጠይቄ አውቃለሁ?

በጥቅምት ወር ሙኒርን ጉንፋን አስተኝቶት፣ ዘጌ ላለ ደንበኛችን የግንባር ባትሪ ማድረስ በእኔ ላይ ወደቀ። በጀልባ ተሻግሬ አደረስሁ። ባለሱቁ ጋሽ አለነ ዕቃቸውን ተረክበው ሲያበቁ ከመደርደሪያ ሥር አንድ አሮጌ ካርቶን ጎትተው አወጡ።

«ይህን ለአባትሽ መልሽላቸው። የቆርቆሮ ባትሪ ነው፤ ሰው አይገዛኝም። ከላይ ያለችው ድንጋይ አላት፤ ጓዳ ስገባ የማበራት ነበረች። እሷም ደክማለች።»

«እሺ» አልሁ። አባባ ካርቶን አልጎደላቸውም ብዬ በልቤ ሣቅሁ።

የተመለስሁባት ጀልባ አሮጌ የብረት ጀልባ ናት። የሚነዳት ደሳለኝ የባሕር ዳር ሰው ነው፤ ቀን ቀን መንገደኛ ያመላልሳል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀልባውን አሥሮ ቤቱ ይገባል። አብረውኝ የተሳፈሩት ጌሾ ለገበያ የያዙት የዘጌዋ እትዬ ውዴ፣ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት፣ እና አቶ ታምሩ ነበሩ። አቶ ታምሩ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ መሆናቸውን ገና ከመነሣታችን በፊት ሁላችንም አውቀናል፤ ድምፃቸው ከሞተሩ ይበልጣል። እኔ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥግ ያዝሁ።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ ውኃው ጠፍቶ ሜዳ መጣ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ የፈሰሰበት።

«እምቦጭ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ሞተሩን ቀንሶ። «ጠዋት እዚህ አልነበረም። ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው ነው።»

«ሲያምር» አለች ሙሽሪት፤ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሣለች።

«ሞተሬን እስኪበላው ድረስ ያምራል፣ እህቴ።»

በአረሙ መካከል ቀጭን የውኃ መንገድ ትታይ ነበር። «ከዞርን ይመሽብናል፤ በዚህች ሹልክ ልበል» ብሎ ገባ። መካከል ስንደርስ ወደ ኋላ ዘወር ብዬ አየሁ። የገባንበት መንገድ የለም። ነፋሱ አረሙን ከኋላችን እንደ መጋረጃ ገጥሞታል። አየሁ እንጂ አልተናገርሁም። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ አጓርቶ ቆመ።

ደሳለኝ ሞተሩን ገልብጦ የተጠመጠመበትን ሥር በቢላ ቆራርጦ አወጣ። አስነሣውና ጀልባዋን ወደ ኋላ ለማስኬድ በኃይል ሞከረ። ከሞተሩ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ሞተሩም ዳግመኛ ቆመ።

«ደሳለኝ፣ እግሬን ረጠበኝ እኮ» አሉ እትዬ ውዴ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። ሞተሩ የታሠረበት አጠገብ ቀድሞ የተበየደው ቦታ ተከፍቷል። ውኃው አይፈነጥቅም፤ ጸጥ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይገባል። ደሳለኝ ጃኬቱን አውልቆ ወተፈበት። ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አነሣና እየጨለፈ መድፋት ጀመረ።

«ብንዋኝስ?» አለ ሙሽራው። «ዳርቻው ይታያል እኮ።»

ደሳለኝ አንድ እግሩን አረሙ ላይ አሳረፈ። እስከ ጭኑ ሰመጠ። ስናወጣው ሥሩ እንደ ክር ተጠምጥሞበት ስለነበር ሁለት ሰው ሆኖ መጎተት ነበረበት።

«መሬት አይደል አትራመድበትም፤ ውኃ አይደል አትዋኝበትም» አለ፣ እያለከለከ። «ተንሳፋፊ ጃኬት ብትለብስም እዚያው ይዞ ነው የሚያስቀርህ።»

ከዚያ በኋላ ስለ መዋኘት ያነሣ የለም። ቅጠሉ የጀልባዋን ጎን በቀስታ ይፍቃል። ከሥሩ የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ጣና ላይ ሆነን የሚታየን ውኃ እግራችን ሥር የገባው ብቻ ነበር። እሱም ይጨምራል፤ ደሳለኝ ሲደክመው ሙሽራው፣ ሙሽራው ሲደክመው አቶ ታምሩ እየተቀባበሉ ቢጨልፉም ይጨምራል። ጀልባዋ ከመሙላቷ በፊት ሰው ካልደረሰልን የምንሄድበት ቦታ እንደሌለን ማንም ባይናገረውም ሁላችንም ገብቶናል።

ስልክ ሞከርን። ኔትወርክ የለም። ምክንያቱን ያወቅነው ሲጨልም ነው፤ በባሕር ዳር በኩል አንድም አምፖል አልበራም። ከተማው መብራት ሲጠፋበት ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል።

«ችግር የለም» አሉ አቶ ታምሩ። «ዓሣ አስጋሪዎች የሚወጡት በዚህ ሰዓት ነው። መብራት ካዩ ይመጣሉ። ሁላችሁም የስልካችሁን መብራት አብሩ።»

አበራን። ደሳለኝም የግንባር ባትሪውን ከፍ አድርጎ ያዘ። አቶ ታምሩ ቆመው ክንዳቸውን ዘርግተው ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው። ጥርት ያለ ነጭ ብርሃን አረሙን አልፎ ሩቅ ይሄዳል። የአባባ ቆርቆሮ ይህን መቼ ታደርጋለች አልሁ በልቤ።

ብዙም ሳይቆይ ሞተር ሰማን። አንዲት ነጭ ነጥብ ከዘጌ በኩል እየቀረበች መጣች። ጮኽን። ነፋሱ ግን ከእነሱ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው፤ እኛ እንሰማቸዋለን፣ እነሱ አይሰሙንም።

«መጡ፣ መጡ» አለች ሙሽሪት፣ የባሏን እጅ ጨብጣ።

መብራቷ ቆመች። እንደሚያስብ ሰው ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ ጎን ታጥፋ፣ ዙሪያችንን ሰፋ አድርጋ ዞራ፣ ራቀች።

የጀሪካኑ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አላዩን ይሆናል» አለ ሙሽራው።

«ባያዩን መቼ ይቆሙ ነበር» አለ ደሳለኝ።

ሁለተኛዋ ስትመጣ ይበልጥ ጮኽን፣ ይበልጥ አወዛወዝን። ያችኛዋማ ገና ከሩቅ ነው የታጠፈችው።

«ሰው አይደሉም እነዚህ» አሉ አቶ ታምሩ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። «አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም።»

ውኃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። እትዬ ውዴ ጌሾአቸውን ራሳቸው እየተሸከሙ አረሙ ላይ ጣሉት። «ትቅለል» አሉ። ከሩቅ ጉማሬ ሲያናፋ ተሰማ። ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ፣ ትከሻዋ ብቻ የሚነቃነቅ።

አቶ ታምሩን ቀና ብዬ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ቅርጻቸው በሰማዩ ላይ ቆሟል። ክንዳቸው ወደ ላይ ተዘርግቷል። ነጩ ብርሃን ግራ ይሄዳል፣ ቀኝ ይመለሳል። ይህን የት ነው የማውቀው? አልሁ። ሱቃችን በር ላይ።

ዝምተኛ ሰው ብዙ ይሰማል። አንድ ቀን ከደንበኞቻችን አንዱ ሥራውን ገና የጀመረ ጓደኛውን ሲያስተምረው ሰምቼ ነበር። «መረብህን ዘርግተህ ሳለ ሞተር ከመጣብህ እንዲህ አድርግለት» ብሎ የገዛውን ባትሪ አወዛወዘ። «መረብ አለ፣ ራቅ ማለት ነው። ጨዋ ከሆነ ዞሮ ይሄድልሃል። እምቢ ብሎ የሚጠጋህ መረብ ሊሰርቅ የመጣ ነው።» ጓደኛውም እየሣቀ አወዛወዘ። እኔ ዕቃቸውን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምንም አላሰብሁም።

እኛ ከመሸ ጀምሮ ባለን ኃይል ሁሉ ራቁ ስንል ቆይተናል። ሰዎቹም ጨዋ ስለሆኑ ርቀውልናል። ደሳለኝ የቀን ነጂ ነው፤ የማታ ሰዎችን ልማድ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ማወዛወዙን ብናቆምስ? አይበቃም። ማታ ጣና ላይ ነጭ መብራት ቆመም ተወዛወዘም ሥራ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ የሚጠጋው የለም። የሚያስፈልገን ዓሣ አስጋሪ የማይይዘው መብራት ነበር። እሱ ደግሞ ጭኔ ላይ ነው።

«አቶ ታምሩ» አልሁ። አልሰሙኝም። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

ደግሜ ልጠራቸው አፌን ከፈትሁና ጉሮሮዬ እንደ ታክሲው ውስጥ ተዘጋ። ጥርጣሬውም ወዲያው መጣ። የቆርቆሮዋ ብርሃን ደካማ ናት። የተማርሁት ሁሉ ከሩቅ የሚታየው ደማቁ ነው ይላል። መብራቱን አስጠፍቼ በዚያው ቅጽበት ሊያድነን የሚችል ጀልባ ቢያልፍስ? ዝም ካልሁ የሚሆነው ሁሉ የማንም ጥፋት አይሆንም፤ ከተናገርሁ ግን የእኔ ይሆናል። እንዲህ እያልሁ ተቀመጥሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥሁ አላውቅም። ሌላ ሰው ወራጅ አለ እስኪል መጠበቅ የለመድሁ ሰው ነኝ። እዚያ ጀልባ ላይ ግን የእኔን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጎኔ ወደ ተቀመጡት እትዬ ውዴ ጆሮ ተጠግቼ ነገርኋቸው።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

ደገምሁላቸው። 

«እኔ ልናገርልሽ?»

እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ግን እኔ ስለ ባትሪ ምን አውቄ?» አሉ እሳቸው። «መልሰው ቢጠይቁኝ ምን እላቸዋለሁ?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጸጥ በሉ እስቲ። ይቺ ልጅ የምትለው አላት» አሉ።

መብራቱ ሁሉ ወደ ፊቴ ዞረ። እንግዳ ነገር ነው፤ የረዳኝ ያ ነው። ነጩ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የአንዳቸውም ፊት አልታየኝም። ለማንም እንደማልናገር ያህል ሆነልኝ።

«መብራቱን አጥፉት» አልሁ።

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ ታምሩ።

«ስልኩን ሁሉ አጥፉት፤ እባካችሁ። ዓሣ አስጋሪዎች እንዲህ ሲያወዛውዙ መረብ አለ፣ ራቁ ማለታቸው ነው። ሱቃችን መጥተው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የዞሩብን ለዚያ ነው።»

«እና በጨለማ እንቀመጥ? ጭራሽ እንጥፋ ነው የምትይው?»

«በሌላ እናብራ። እዚህ አለኝ።» ካርቶኑን ከፍቼ የቆርቆሮዋን ባትሪ አወጣሁ።

ሣቁ። የሚያሥቅ ነገር ያገኘ ሰው ሣቅ አልነበረም። «ይህ የአያቴ ባትሪ ነው። እህቴ፣ የስልኬን ሩብ አያበራም እኮ።»

«አዎ፣ አያበራም። ግን ዓሣ አስጋሪ አይይዘውም። ቢጫ ሲያዩ መረብ ነው አይሉም።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«አላውቅም» አልሁ። እውነቴን ነበር።

ደሳለኝ መጭለፉን አቆመ። «ጋሼ፣ በእርስዎ መንገድ ሁለቴ ሞክረናል። በእሷ አንዴ እንሞክር። ውኃው ለክርክር ጊዜ አይሰጠንም።»

መጀመሪያ ያጠፋችው ሙሽሪት ናት። ከዚያ ባሏ፣ ከዚያ ደሳለኝ። በመጨረሻ አቶ ታምሩ እያጉረመረሙ አጠፉ። እንዲያ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። ጀልባዋ ራሷ የጠፋች መሰለኝ።

የባትሪዋን ቁልፍ ገፋሁ። አልበራችም።

«በይ እንግዲህ» አሉ አቶ ታምሩ በጨለማው ውስጥ።

በመዳፌ መታ መታ አደረግኋት፤ ምንም የለም። ጣቶቼ ይህን ሥራ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ቂጧን ፈታሁ፣ ዝገት የያዘውን ሽቦ በሻሼ ጫፍ ፈተግሁ፣ ድንጋዮቹን አገላብጬ መለስሁ። አሁንም የለም። አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል ብዬ ከካርቶኑ ውስጥ በዳበሳ ሌላ አገኘሁና ጠምዝዤ አስገባሁ።

«ትችያለሽ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ውዴ።

«እችላለሁ።»

በራች። እንደ ኩራዝ ያለች ቢጫ ብርሃን። 

«እትዬ ውዴ፣ ነጠላዎን ይስጡኝ» አልሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ነጠላውን ሙሽራውና ሙሽሪት ግራና ቀኝ ይዘው ወጠሩት፤ እኔ ከኋላው ሆኜ አበራሁበት። ሐሳቤ ትንሿን ብርሃን በጨርቁ ላይ ማስፋት ነበር። ነፋሱ ነጠላውን እያርገበገበው ብርሃኑም አብሮ ይርገበገባል።

ሦስተኛዋ ነጭ ነጥብ ታየች። ወደ ቤቷ የምትገባ ትመስላለች። ቆመች። ትንፋሻችንን ዋጥን። ከዚያ ድርግም ብላ ጠፋች።

«ሄዱ» አለ ሙሽራው።

ባትሪዋ እየቀላች ነበር። አባባ እንዳሉት ቢጫ ነበረች፣ አሁን ቀይ ሆነች፤ መድከሟን እየነገረችኝ ነው።

«ልጄ» አሉ አቶ ታምሩ፣ ቀስ ብለው፣ «ስልኬን ላብራ?»

ከእኔ ፈቃድ እየጠየቁ ነበር። አዎ ማለት ምንኛ ይቀል ነበር።

«ትንሽ ይታገሡ» አልሁ። «እባክዎ።»

ታገሡ። ደሳለኝ ይጨልፋል። ውኃው ወደ ጉልበቴ እየተጠጋ ነው። ቀይዋ ብርሃን ከነጠላው ጀርባ ትርገበገባለች። እኔ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ጥቂት ቆይልኝ።

መጀመሪያ የሰማነው የሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ሞተር፤ አንድ አይደለም፣ ብዙ። ከዳርቻው በኩል ነጫጭ መብራቶች ተከታትለው፣ ሳይታጠፉ፣ በቀጥታ ወደ እኛ መጡ። አረሙ ጠርዝ ላይ ቆመው የደንገል ታንኳ አወረዱ፤ ታንኳ አረሙ ላይ እንደ መንሸራተት ብሎ ያልፋል። ቀድሞ የደረሰው አንድ ጎልማሳ ነበር፣ በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በሌላው ባልዲ ይዞ።

«እሳቱ የታለ?» አለ።

«የምን እሳት?» አለ ደሳለኝ።

«ጀልባ ይቃጠላል ብለን አገር ጠርተን መጣን እኮ። መብራታችንን አጥፍተን በደንብ አየነው። ሲነድ ነበር።»

እትዬ ውዴ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሳቱ እሷ ናት።»

ሰውየው ባትሪዋን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ የያዘውን ባልዲ አየ። «ነጩንማ ከመሸ ጀምሮ እያየን ነው። ራቁ አላችሁን፣ ራቅን። ‹ይህን ሁሉ መረብ የዘረጋው ማን ነው፣ ጣናን ሊያጥረው ነው እንዴ› እያልን ስናማችሁ ነው ያመሸነው።»

ደሳለኝ ሣቀ። ሣቁ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በጀሪካኑ ሸፈነ።

በታንኳ ተራ በተራ አወጡን። እኔ ስወጣ ባትሪዋ ገና እጄ ውስጥ ነበረች፤ ክሯ ብቻ ቀልታ ትታያለች። ዳርቻው ጋ ሳንደርስ ጠፋች። በማግሥቱ ደሳለኝ ጀልባዋን ሊያስጎትት ሲሄድ ከአረሙ በላይ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነበር።

አባባ ነገሩን ሲሰሙ ባትሪዋን ተቀብለው የሻገቱትን ድንጋዮች አውጥተው ጣሉ፣ ሆዷን በጨርቅ ጠረጉ፣ መደርደሪያው ላይ ከኤል ኢ ዲዎቹ መካከል አቆሟት። ሙኒር አያት፤ ሊያነሣት እጁን ዘረጋና ተወው።

«እና አሁን አሮጌውን ልዘዝ ነው የምትሉኝ?»

«አትዘዝ» አልሁት። አንባቢዎቼ፣ እናንተም አሮጌው ይሻላል ስል እንድትሰሙኝ አልፈልግም። ለመንገድ፣ ለሥራ፣ ለጥናት ኤል ኢ ዲው ይሻላል። ብርቱካናማ ላስቲክ ቢሸፈንበት ያችኑ እሳት ሳይመስል አይቀርም፤ ይህን በኋላ ሱቅ ውስጥ ሞክሬዋለሁ። ደሳለኝ ግን ላስቲኩን አልፈለገም። ጀልባው ከተጠገነለት በኋላ መጥቶ «ያችን የእሳቷን ስጡኝ» ብሎ ከካርቶኑ አንዲት ወሰደ፤ ከግንባር ባትሪው ጎን አንጠልጥሏት ይዞራል።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የተማርሁት መብራት ምን ያህል እንደሚያበራ ነበር። ከሩቅ ያየው ሰው ምን እንደሚለው አስቤ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት ይህን ሳስብ ወደ ራሴ መጣ። ዝምታዬን ጨዋነት እለው ነበር። ማንንም አላስቸግርም፣ የማንንም ጆሮ አልሻማም እል ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን ከተመረቅን በኋላ «እኛን የምትንቂን ይመስለን ነበር» ብላኛለች፤ ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ አለፍሁት። አሁን ይገባኛል። ኑ የምል እየመሰለኝ እያወዛወዝሁ ስንቱን አዙሬ ሰድጄው ይሆን? እነሱም ጨዋ ስለሆኑ ርቀውልኛል። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ያለ ካለ፣ ይህን አንድ ነገር ብቻ አስቡልኝ፤ የዞሩባችሁ ሰዎች ክፉዎች ላይሆኑ ይችላሉ።

በዚያው ሳምንት ከሱቅ ስመለስ ታክሲ ያዝሁ። ሰፈራችን ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልሁ። ረዳቱ አልሰማኝም። ታክሲው አለፈ። ጆሮዬ ጋለ። ደግሜ አልሁት። ቆመ። ወርጄ ያለፍኋትን ጥቂት መንገድ በእግሬ ተመለስሁ።

እናቴ በር ላይ ጫማዬን አየች። አቧራ ነበረበት።

«ዛሬም?» አለችኝ።

«ዛሬስ ተናግሬያለሁ» አልኋት። «ሁለተኛው ላይ ነው የተሰማው።»